ያልጠራሁት አስተርጓሚ

ስልኬን የተሰረቅኩት በሰው አገር ነው፤ ቁርስ ላይ፣ እንቁላሌ ሳይበርድ። ለሽርሽር የሄድን እንዳይመስላችሁ። እኔና አበልጄ ልብስ ሰፊዎች ነን፤ የሄድነውም ጨርቅ ልንመርጥ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ክፍል፣ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት የስፌት መኪናዎች አብረን ሠርተናል። እኔ እለካለሁ፣ እቆርጣለሁ፤ እሷ ትሰፋለች፣ ትተኩሳለች። የልጄ ክርስትና እናት ስለሆነች አበልጄ እላታለሁ እንጂ በስሟ ከጠራኋት ዘመን የለውም።

ክፍላችን ከአንድ መድኃኒት ቤት ጀርባ ነው። መስኮት የለውም። ደንበኛ ደውሎ "የት ጋ ናችሁ?" ሲለን "መድኃኒት ቤቱን አልፈህ፣ የቆሻሻ ገንዳውን አልፈህ" እያልን እንመራለን። ሱቁን በገንዳ የሚጠቁም ሰው ምን ያህል እንደሚሸማቀቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ታዲያ በዚያ ዓመት አንዲት ባለጸጋ ሴትዮ ትልቅ ሆቴል ልትከፍት ሆነ፤ ለመቶ አርባ ሠራተኛ የደንብ ልብስ የሚሰፋላት ትፈልግ ነበር። ያ ሥራ ከተሰጠን መንገድ ዳር፣ መስታወት ያለው ሱቅ እንከራያለን ብለን ተስማማን። ሌላ ሕልም አልነበረንም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እየሄድኩ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ለካሁ፤ ደረቱን፣ ወገቡን፣ የእጁን ርዝመት፣ ሁሉንም ስልኬ ላይ ጻፍኩ።

ሴትዮዋ ለእኔ ጥሩ ናት፤ ከአበልጄ ጋር ግን አልተዋደዱም። መጀመሪያ ቀን ሴትዮዋ "የአስተናጋጆቹ ሐምራዊ ይሁን" ስትል አበልጄ "ሐምራዊ ለብሶ ሻይ የሚያቀርብ ሰው ጳጳስ ነው የሚመስለው፤ ሒሳብ ከመክፈል በፊት መስቀል መሳለም ሊኖር ነው" አለቻት። ሴትዮዋ አልሳቀችም። እኔ ግን ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ሜትሬን ጣልኩ። በኋላ "ጨርቁን መርጣችሁ ናሙና አምጡ። የመጨረሻ ቃሌን እዚያው እያለሽ በመልእክት እነግርሻለሁ" ብላኝ ተለያየን።

ኢንሹራንሱን የገዛነው ወደን አይደለም፤ ያለሱ ቪዛ የለም ስለተባለ ነው። ወረቀቱ ረጅም ዝርዝር አለው፤ እግር ለተሰበረ ይሄን ያህል፣ ሻንጣ ለጠፋበት ይሄን ያህል፣ ስልክ ለተሰረቀ ይሄን ያህል፣ አስከሬን ለመመለስ ይሄን ያህል። አበልጄ አስከሬኑ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አስቀመጠችና "እቴ፣ በቁማችን ከምናወጣው ሬሳችን የሚያወጣው ይበልጣል" አለችኝ። አብረን ተንከተከትን። ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነበር፤ ወተቷን አያለሁ ብዬም አላሰብኩም።

አገሩን እሷ ታውቀዋለች። በወጣትነቷ አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታበታለች፤ ቋንቋውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። እኔ ከእሷ ጋር ሆኜ ምንም አልፈራሁም። ጨርቅ ቤት ስንገባ እሷ ትከራከራለች፣ እኔ በጣቴ እያሸሁ ክሩን አያለሁ። ሻጩ አንድ ነገር ሲል ወደ እኔ ዞራ ትነግረኛለች፣ እኔ ስመልስ ወደ እሱ ዞራ ትነግረዋለች። አንዳንዴ እኔ ሦስት ቃል ተናግሬ እሷ አሥራ አምስት ስታደርገው "እኔ ይሄን ሁሉ ብያለሁ?" እላታለሁ፤ "አንቺ አጭር ነሽ፣ እኔ አስረዝሜሽ ነው" ትለኛለች። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካረፍንበት ሆቴል ምድር ቤት ቁርስ ልንበላ ወረድን። ራስህ የምታነሳበት ዓይነት ነው። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻዬ ጎን አስቀምጬ ዳቦ ላመጣ ተነሳሁ። አበልጄ እዚያው ተቀምጣለች። ዳቦ መጥበሻው ጋ ሁለት ሰው ቀድሞኝ ስለነበር ቆየሁ። ስመለስ ሻዬ አለ፣ ስልኬ የለም።

"ስልኬስ?" አልኳት።

"ይዘሽው አልሄድሽም?" አለችኝ።

እኔ ስቆጣ ቤት አይበቃኝም። ጠረጴዛውን አነሳሁት፣ ጨርቁን ገለጥኩት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሲኒ የሚሰበስብ አንድ ቀጭን አስተናጋጅ አጠገባችን ሲመላለስ አይቼው ነበርና "እሱ ነው! ያዙልኝ!" ብዬ በራሴ ቋንቋ ጮህኩበት። ልጁ ትሪውን ይዞ ደርቆ ቀረ። አበልጄ እጄን ይዛ "ቀስ በይ፣ አታዋርጂን" አለችኝና በራሷ ስልክ ወደ እኔ ደወለች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጥቂት አዳመጠችና "ዝግ ነው" አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር፤ ለእኔ አዝና መሰለኝ።

የቀጭኑን አስተናጋጅ ኪስ አስፈትሼ ባላገኝም አላመንኩም። ስወጣም በዓይኔ ገረመምኩት። ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ እንኳ ሌሊት ሲታወሰኝ ስንት ዓይነት እርግማን እንዳወረድኩበት እኔና ፈጣሪዬ ነን የምናውቀው።

ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። የኢንሹራንሱ ወረቀት ላይ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ያላመለከተ ካሳ አያገኝም የሚል አንቀጽ እንዳለ ትዝ አለኝ። አበልጄ "ምን ያደርግልሻል፣ ቀኑን ሙሉ ተራ ስንጠብቅ ልንውል ነው" ብላ ነበር። እኔ ግን የያዝኩትን አልለቅም።

ጣቢያው ንጹሕ ነው፤ ሕመምተኛ የሌለበት ሆስፒታል ይመስላል። ቁጥር ወስደን የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተራችን ሲደርስ ፀጉሯን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ፖሊስ ከመስታወት ጀርባ ተቀብላን አንድ ነገር ተናገረች፤ ቀጥላ በላስቲክ የተለበጠ አንድ ትልቅ ወረቀት በመስታወቱ ሥር አሳለፈችልኝ። ወረቀቱ ላይ በየዓይነቱ ፊደል ተጽፎበታል። ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ የእኛ ፊደል ነበር። "አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለዎት። በስልክ ነው፤ አይከፈልበትም። እዚህ ላይ ይጠቁሙ" ይላል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መስታወት ፊት የራሴን ፊደል ሳየው ዘመድ ያገኘሁ ያህል ልቤ ተነካ። ጣቴን እላዩ ላይ አሳረፍኩ።

ከዚያ ደግሞ አበልጄ አጠገቤ መቀመጧ ትዝ አለኝ። አራት ዓመት የኖረችበት አገር፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት። እሷ አፍ እያላት ሌላ ሰው በስልክ ጥሩልኝ ማለት "አላምንሽም" ማለት ነው። ምን ይሰማታል አልኩ። ይሉኝታ ያዘኝ። ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አንስቼ ወደ አበልጄ ጠቆምኩ፤ "እሷ አለች" ማለቴ ነው። ፖሊሷ ወደ እኔ፣ ወደ እሷ፣ እንደገና ወደ እኔ አየች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ።

"ንገሪያት" አልኳት አበልጄን። "ጠረጴዛ ላይ ትቼው ዳቦ ላመጣ ብሄድ ሰረቁኝ በያት። ያንን አስተናጋጅ እጠረጥራለሁ በያት። ውስጡ የመቶ አርባ ሰው ልክ አለ፣ ከሴትዮዋም መልእክት እየጠበቅኩ ነው በያት።"

አበልጄ ረጅም ተናገረች። ፖሊሷ እየጠየቀች ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ፖሊሷ እጇን ወደ ጣሪያው ጥግ አንስታ የሆነ ነገር ጠየቀች፤ አበልጄ ቶሎ ብላ መለሰች። "ምን አለችሽ?" ስላት "ሆቴላችሁ የት ነው ነው የምትለው" አለችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ከዚያ መስታወት ፊት ተቀምጬ ስለ ራሴ ሲወራ የቡና ቤት ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ነበርኩ። በመጨረሻ ሁለት ገጽ ወረቀት ወጣ። ማህተም ተመታበት። አበልጄ የምፈርምበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ፤ ፈረምኩ።

የቀረውን ሁለት ቀን ጨርቅ መረጥን ይባል እንደሆነ እንጂ እኔ አልመረጥኩም። የሴትዮዋን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም፣ አበልጄም የላትም። መልእክት ልካ ይሆን፣ አልላከችም ይሆን እያልኩ አበልጄን በጥያቄ አደረቅኳት። "ብትልክም ትጠብቅሻለች፤ ሰው ናት፣ ይገባታል" ትለኝ ነበር።

ቅዳሜ ገባን። ሰኞ በጠዋት ናሙናዬን ታቅፌ የሴትዮዋ ሆቴል ሄድኩ። ሴትዮዋ አላስገባችኝም፤ ጸሐፊዋ በር ላይ ወጥታ "እስከ ሐሙስ መልስ ስጪ ተብለሽ ዝም አልሽ፤ ሥራው አርብ ዕለት ለሌሎች ተሰጠ" አለችኝ። ስልኬ ተሰርቆ ነው ብላት "ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው" ብላ በሩን ገፋ አደረገችው። አበልጄ ገንዳው ጋ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ ገባት። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከእኔ ይልቅ እሷ አለቀሰች። እኔ ነኝ "በቃ፣ ያላለልን ነው" ብዬ ያባበልኳት። ይሄንን ሳስታውስ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሥራው ቢያመልጥ ካሳው አይቅርብኝ ብዬ የኢንሹራንሱን ነገር ያዝኩ። የስልኩን ካርቶን ፈለግኩ፤ የልብስ ቁልፍ ማጠራቀሚያ አድርጌው ኖሮ ቁልፎቹን ዘርግፌ አቀረብኩት። የአውሮፕላኑን ወረቀት፣ የፖሊሱን ወረቀት፣ የፓስፖርቱን ቅጂ አያይዤ አስገባሁ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። "ያቀረቡት የካሳ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም" ይላል፤ ምክንያቱ በዓይን በማይታይ ፊደል ነው የተጻፈው።

በማግስቱ ሄድኩባቸው። ልጣላ ነው የሄድኩት፤ መንገድ ላይ የምናገረውን እየተለማመድኩ ነበር። የካሳ ክፍሉ ሰውዬ ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲሸጡልን እንዴት እንደሚለሳለሱ፣ ሲከፍሉን እንዴት እንደሚደነዝዙ ልቤ እስኪወጣ ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ "ውሃ ልስጥዎት?" አለኝ። ንዴቴ ባሰብኝ።

"እህቴ" አለኝ፣ "እኛ የምንከፍለው ለተሰረቀ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ረስቶ ለጣለው አይደለም። እርስዎ ደግሞ ረስቼ ጣልኩት ብለዋል።"

"እኔ? መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?"

"ለፖሊስ በሰጡት ቃል። በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉመነዋል።" ፋይሉን ገልጦ ወደ እኔ አዞረው።

መነጽሬን አልያዝኩም ነበርና "ያንብቡልኝ" አልኩት። አነበበልኝ። ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ ነው። አመልካች ከጨርቅ ገበያ ሲመለሱ ስልካቸውን በታክሲ ውስጥ ረስተው ወርደዋል። የታክሲውን ቁጥር አያስታውሱም። ስርቆት ተፈጽሞብኛል ብለው አይጠረጥሩም። የሆቴሉ ካሜራ ይታይልዎ ወይ ተብለው ስልኩ ሆቴል ውስጥ ስላልጠፋ አያስፈልግም ብለዋል። በስልክ አስተርጓሚ ቀርቦላቸው አልፈለጉም፤ አብራቸው የመጣችው ጓደኛቸው አስተርጉማለች። አመልካች ቃላቸው ትክክል መሆኑን በፊርማ አረጋግጠዋል።

"ተርጓሚያችሁ ተሳስቷል" አልኩት። ድምፄ ግን ከመጀመሪያው ድምፄ አንሶ ነበር።

"አንድ ቃል ሊሳሳት ይችላል፤ ታክሲ ከየት ያመጣል?"

ታክሲ ከየት ያመጣል። በዚያ ጉዞ ከጨርቅ ገበያ የተመለስነው በእግራችን ነበር፤ ታክሲ ከአየር ማረፊያው በስተቀር አልያዝንም። ፖሊሷ እጇን ወደ ጣሪያው ጥግ አንስታ የጠየቀችው ምን እንደሆነ ገባኝ። ቁርስ ቤቱ ጣሪያ ላይ ካሜራ ነበር። ተሰረቀ ቢባል ካሜራው ይከፈታል፤ ታክሲ ውስጥ ጠፋ ቢባል ግን ማንም አይከፍተውም። ካሜራው እንዳይከፈት የሚፈልግ ማነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልተነሳችው አንድ ሴት ብቻ ነበረች። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ መውደቁ ምን እንደሚመስል ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሰውዬው ውሃውን ሳልጠይቀው አመጣልኝ፤ ጠጣሁት።

"በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ" አለኝ ወረቀት እያቀበለኝ። "ያስተረጎመችው ሰው በስህተት ነው ያስተረጎምኩት ብላ እዚህ ጋ መፈረም አለባት። ያኔ እንደገና እናየዋለን።"

ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። አበልጄ የሐኪም ካፖርት ላይ የቁልፍ ቀዳዳ እየሠራች ነበር። ቀና ብላ "ከፈሉሽ?" አለችኝ። ሜትሬ አንገቷ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን አላስተውለውም ነበር።

"ታክሲው ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?" አልኳት።

"የቱ ታክሲ?"

"ስልኬን የረሳሁበት።"

እግሯን ከመኪናው ላይ አነሳች። ትክዳለች ብዬ ነበር፤ ልትክድ ብትሞክር የማደርገውንም አስቤ ነበር። እሷ ግን መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ ቀስ ብላ አወጣች፣ ክሩን ቆረጠች፣ ካፖርቱን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና "አነበቡልሽ" አለች።

"ለምን?" አልኳት። ከዚህ የረዘመ ጥያቄ አልወጣልኝም።

"አንቺ ዳቦ ልታመጪ ስትሄጂ መልእክት ገባ። ላነብ ብዬ አይደለም፤ መስታወቱ ላይ ብልጭ ሲል ዓይኔ ገባ። 'ሥራውን ላንቺ ወስኛለሁ። ያቺን ጓደኛሽን ግን አልፈልጋትም። ብቻሽን መጥተሽ እንደምትፈርሚ እስከ ሐሙስ አሳውቂኝ' ይላል። ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ እጄ ነው ያነሳው። እኔ አላነሳሁትም።"

"እጅሽ ያላንቺ የት ይሄዳል?"

"ትንሽ ልረጋጋ ብዬ ነው ቦርሳዬ ውስጥ የከተትኩት። ስትመጪ አውጥቼ 'እዪ፣ ምን እንዳለችሽ እዪ' ልልሽ ነበር። አንቺ ግን አፍታም አልሰጠሽኝ። ቤቱን ቀወጥሽው። ሰው ተሰበሰበ። ያኔ ከቦርሳዬ ባወጣው ምን ልባል ነው? ጠረጴዛው ሥር ዘጋሁት።"

"እሺ እሱስ ይሁን። ሽንት ቤት አስቀምጠሽ 'አገኘሁት' ማለት አያቅትሽም ነበር። ክፍላችን ገብተን ለብቻችን ስንሆን መንገር አያቅትሽም ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ወስጄሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ በእኔ አፍ ዋሸሽ።"

"ካሜራ እናያለን አለች። ምን ላድርግ?"

"የት አደረግሽው?"

ካፖርቱን በእጇ አሻሸች። "አየር ማረፊያ፣ ሽንት ቤት። ቅርጫት ውስጥ።"

በሩ ላይ የእሷን ሻንጣ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ቆየችብኝ፤ ሆዷን አሟት ይሆን ብዬ ተጨንቄ ነበር። ስትወጣ እጇ እርጥብ ነበርና መሐረቤን ሰጠኋት።

"ሌላው ይቅር" አልኳት፣ ወንበሬን ስቤ እየተቀመጥኩ። "ያን አስተናጋጅ ኪሱን ሳስፈትሸው ቆመሽ አየሽ። አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ። ሆቴሉ በር ላይ ጸሐፊዋ ስታዋርደኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ቢያንስ አንዳችን ከዚህ ገንዳ ጀርባ እንወጣ ነበር እኮ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ፤ ለእኔም ላንቺም ሳይሆን ቀረ። ምን ተጠቀምሽ?"

"አብረን ቀረን" አለች።

ይሄን ስትል እፍረት የለባትም ነበር። የምሯን ነው።

ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው። "ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ፤ ነገርኳት። ፊቷ ፈካ አለ። "አምጪ፣ እፈርማለሁ። በስህተት ነው ያስተረጎምኩት እላለሁ፤ ተሰርቃ ነው፣ ታክሲ የሚባል ነገር አልነበረም ብዬ እፈርማለሁ። ካሳሽን ታገኛለሽ።"

"ሌባውን ማን ልትዪ ነው?"

"አይታወቅም ነዋ የምለው።"

"ስለዚህ ደግሞ ሌላ ውሸት ትፈርሚልኛለሽ።"

"ላንቺ ብዬ ነው እኮ" አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አንቺ ሁሌ ቅን ነሽ፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ስልኩ እዚያው ቢሆን፣ ዳቦሽን ይዘሽ መጥተሽ ያንን መልእክት ብታነቢው፣ ምን ትመልሺላት ነበር?"

ስድስት ሳምንት ሙሉ ይሄን ጥያቄ ይዛ ስትዞር እንደኖረች ከድምፅዋ ያስታውቃል። እኔም ራሴን ጠየቅኩ። መንገድ ዳር ያለውን መስታወታም ሱቅ አሰብኩት። የልጄን የትምህርት ቤት ነገር አሰብኩ። ቅዱስ አይደለሁም፤ ሥራውን እንደ ቀላል ነገር አልተወውም ነበር፣ ማታ አልጋዬ ላይ በቁጭት አለቅስ ነበር። ግን ቁጡ መሆኔን አውቃለሁ። "ያቺን ጓደኛሽን" የሚለውን ቃል ሳነብ የምሆነውን አውቃለሁ። ቁጭ ሳልል፣ ዳቦውን ሳላስቀምጥ ነበር የምመልስላት።

"ያለ እሷ አልሠራም ነበር የምላት" አልኳት።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ ልጅ ሲዋሻት እንደምታደርገው ፈገግ አለች። "አሁን ሥራው ከሄደ በኋላ እንዲህ ማለት ቀላል ነው።"

"አላመንሽኝም።"

"ማን ያምናል? መቶ አርባ ሰው እኮ ነው። ሰው የሆነ ሁሉ ይሄዳል።"

"አንቺ ብትሆኚስ? መልእክቱ ላንቺ ቢላክ?"

ዓይኗን ወደ ካፖርቱ መለሰች። "እኔ?" አለች። "እኔማ ሄጄ እፈርም ነበር። ልጆች አሉኝ እኮ። ግን እነግርሽ ነበር፤ ፈርሜ ስመለስ እነግርሽ ነበር።"

ለካ እኔን የለካችኝ በራሷ ልክ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ ልጄን ታቅፋ፣ ሳቄንና ቁጣዬን በየቀኑ እያየች፣ አንድ ቀን እጥላት ይሆናል ብላ ስትጠባበቅ ነበር የኖረችው። ስልኩን መውሰዷ አናደደኝ፣ ፖሊስ ፊት መዋሸቷ አሳፈረኝ፤ ይሄኛው ግን አመመኝ። ለሰረቀችኝ ዕቃ ካሳ የሚከፍል ቢሮ አለ፤ ለዚህ ማን ጋ እንደሚኬድ አላውቅም።

ተነስቼ ሜትሬን ከአንገቷ ላይ አወጣሁ። መቀሶቼን ከሳጥኑ አንድ በአንድ አነሳሁ፤ ትልቁን፣ መካከለኛውን፣ ክር መቁረጫውን።

"የት ልትሄጂ ነው?" አለችኝ። "ተናገርኩ እኮ። እውነቱን ነገርኩሽ። ይሄን ሁሉ ካፖርት ማን ሊቆርጥልኝ ነው?"

እውነቱን አንዴ መልሼላት አላመነችኝም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ "የአስተርጓሚ ፊርማ" የሚለው መስመር ባዶ ነው። እስክሪብቶውን አንስታ ክዳኑን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። ወረቀቱን ከፊቷ አንስቼ አጣጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና በሩን ከፍቼ ወጣሁ።